የአንሶላው ጫፍ

ተጠጉ። ጄኔሬተሩ እስኪጠገን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሩን ዝጉት። ተዘጋ?

እንግዲህ ስንሻው የሚባል ሰው ነበረ። እንደኛው ቆፋሪ ነው፤ ከመሬት ሆድ ፍል ውሃና እንፋሎት የሚያወጣ። ይህ ሰው ለሦስት ሳምንት ሥልጠና አይስላንድ ተላከ። ዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ ትባላለች። ዋና ከተማ ስላችሁ አዲስ አበባን እንዳታስቡ። ትንሽ ናት፤ መሃሏን በእግር በግማሽ ቀን ትጨርሱታላችሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። በታኅሣሥ እዚያ አገር ፀሐይ የምትወጣው አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ትገባለች። ሰማችሁ? የበላችሁት ምሳ ከሆዳችሁ ሳይወርድ ይጨልማል።

ስንሻው ሚስቱን ከቀበረ ሁለት ወሩ ነበር። እታገኝ ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ኖሩ፣ በኩላሊት ሞተች። ታዲያ አላለቀሰም። ሰው ደረቱን ሲመታ እሱ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ይቆጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሟን በአፉ አልጠራም። “አይዞህ” ሲሉት “ደህና ነኝ” ይላል። እውነቱን ነው፣ ምንም አይሰማውም። ይህ ደግ ነው ወይስ ክፉ? እናንተው ፍረዱ።

ሥልጠናው ዓርብ አለቀ። አውሮፕላኑ እሑድ ማታ ነው። ቅዳሜን ምን ያድርጋት? ያረፈበት ቤት ባለቤት ሲግሪድ የምትባል ሸምገል ያለች ሴት ነበረች። “ውጣና ከተማችንን እያት” አለችው። ወጣ።

ኮረብታው ላይ ያለውን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አየ። ማማው ላይ ወጣ። ከላይ ሲያዩት የቆርቆሮ ቤቶቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ሆነው ተደርድረዋል፤ ከነሱ ወዲያ ጥቁር ባሕር ነው። አጠገቡ ያሉት ጎብኚዎች ይደነቃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። እሱ አየና ወረደ። በረዶ ወደሠራው ኩሬ ሄደ። ልጆች ለዳክዬ ዳቦ ይወረውራሉ። አየና አለፈ። የዓሣ ሾርባ ጠጣ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላወቀም። ወደቡን አየ። እግሩ ነው የሄደው እንጂ እሱስ የትም አልሄደም።

ሲጨልም ተመልሶ መጣ። የረጠበ ጓንቱን አውልቆ ማሞቂያው ላይ አሰጣው።

“ምን ምን አየህ?” አለችው ሲግሪድ።

“ሁሉንም።”

“ሱቆቹ ያሉበትን ረጅም መንገድስ? እስከ መጨረሻው ሄድክ?”

“መጨረሻው ላይ ምን አለ?”

“እሱን ተከትለህ ስትሄድ የፍል ውሃ ቦታ አለ። ድሮ የከተማው ሴቶች ልብስ ተሸክመው እዚያ ድረስ እየሄዱ ያጥቡ ነበር። በበረዶ፣ በጨለማ። የመንገዱ ስም ራሱ ከዚያ የመጣ ነው። አዳልጧቸው ፍል ውሃው ውስጥ ገብተው የቀሩም አሉ።”

ፍል ውሃ ሲባል ስንሻው ብድግ አለ። ሥራው ነዋ!

“አሁን አይደለም” አለች። “ነገ ሲነጋ አብረን እንሄዳለን። እዚያ በጨለማ ብቻውን የሚሄድ የለም።”

“ሰዓቱ እኮ ገና አሥር ነው።”

“እኔ ስለ ሰዓት አላወራሁም። ስለ ጨለማ ነው።”

ሰማት? አልሰማትም። ጓንቱን እዚያው ትቶ ወጣ።

መንገዱን ያዘ። መጀመሪያ ሱቆቹ ነበሩ፤ መብራት፣ ሙዚቃ፣ ሰው። ሄደ፣ ሄደ። ሱቆቹ አለቁ። ሄደ፣ ሄደ። ቤቶቹ ተራራቁ። ሄደ። ሰው የሚባል ጠፋ። በረዶ፣ ነፋስ፣ እሱ፤ በቃ። እጁ መጀመሪያ አመመው፣ ከዚያ ደነዘዘ፣ ከዚያ የሱ መሆኑም ቀረ።

ያኔ ነው የሰማው። ጠብ። ጠብ። ጠብ።

እስቲ ንገሩኝ፤ ውሃ ሁሉ ድንጋይ በሆነበት ብርድ ምን ይንጠባጠባል?

ቆመ። ድምፁም ቆመ። ሄደ። ጠብ፣ ጠብ፤ አብሮት ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የሳሙና ሽታ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፊት ለፊቱ አንዲት ሴት አየ። ጎንበስ ብላለች። ጀርባዋ ላይ ትልቅ የልብስ እስር አለ። ውሃው ከእስሩ ነው የሚንጠባጠበው።

ሸክም ያጎበጣት ሴት አይቶ እንዴት ይለፍ?

“እናቴ፣ ላግዝዎት” አላት።

እየመራችው ሄደች፤ እየተከተላት ሄደ። እንፋሎት ወደሚጨስበት ጉድጓድ ሲደርሱ ሸክሟን አወረደች። አንድ አንሶላ መዘዘች።

“ልጄ፣ ይሄ ለብቻ አይጨመቅም። ጫፉን ያዝልኝ” አለችው።

በየትኛው ቋንቋ? ዛሬም አያውቅም። ገባው፣ በቃ። ያዘላት።

አንድ ጊዜ አጣመመች። አንሶላው አጠረ፤ ስንሻው አንድ እርምጃ ወደሷ ሄደ። ሁለተኛ አጣመመች፤ አንድ እርምጃ። ሦስተኛ፤ አንድ እርምጃ። ከአንሶላው የሚወርደው ውሃ እጁ ላይ ይጨሳል። እጁን አየ፤ ቆዳው ውሃ እየቋጠረ ያብጣል። ግን አልተሰማውም። እጇን አየ። ነጭ ነው፤ እንደ ተቀቀለ ሥጋ ከአጥንቱ ሊለቅ ደርሷል። ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ራሷ ላይ ካሰረችው ሻርፕ ስር ፊት አልነበረም። እንፋሎት ነው።

ልቀቁ አላቸው ጣቶቹን። አልለቀቁም። ከኋላዋ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አራተኛ አጣመመች፤ አንድ እርምጃ።

ፈራ? አልፈራም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው! “እንግዲህ እዚህ ነው” ብሎ አሰበ፤ ሰው አውቶቡስ ሲመጣለት እንደሚያስበው።

ሁለት ሰው ልብስ ሲጨምቅ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ነው የሚያጣምመው። አይደለም? ስንሻው ግን ይህን በአሥራ አንድ ዓመት አልተማረም። ከእታገኝ ጋር ጋቢ ሲጨምቁ ሁልጊዜ እሷ ወዳዞረችበት ያዞራል፤ ጋቢው ይፈታና ውሃው እግሯ ላይ ይዘረገፋል። “አንተ ሰውዬ፣ ወዲያ! ወዲያ አዙር!” እያለች ትስቃለች። አሁንም እጁ የለመደውን አደረገ። ሴትዮዋ ወዳዞረችበት አዞረ። አንሶላው ተፈታ።

ሴትዮዋ ቀጥ አለች።

“ማነው እንዲህ ያስለመደህ?”

“እታገኝ” አለ። ከአፉ አመለጠው። ደገመው፤ “እታገኝ ናት!”

ሴትዮዋ ቀስ ብላ፣

“ታዲያ አሁን የሷን ጫፍ ማን ያዘላት?” አለችው።

ስንሻው ጮኸ። አንሶላው ከእጁ ወደቀ። ሮጠ፤ ወደቀ፤ ተነስቶ ሮጠ። ሲግሪድ በሩን ስትከፍት እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ነበር። እጁን አየችና መኪናዋን አስነሳች፤ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

በማግስቱ ሲነጋ እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ አብረው ሄዱ። ቦታው አለ። የድንጋይ ገንዳው አለ፤ የብረት ፍርግርግ ተደርጎበታል፣ በረዶ ሞልቶበታል። ደረቅ ነው።

“ፍል ውሃው የታለ?” አለ።

“አያቶቼ ወጣት ሳሉ ነው የነጠፈው” አለች ሲግሪድ። “ከተማው ጉድጓድ ሲያስቆፍር ውሃው ወደዚያ ሸሸ። ትናንት ሳልነግርህ ወጣህ።”

ታዲያ እጁን ምን አቃጠለው? ንገሩኛ!

እጁስ ዳነ። መዳፉ ግን እንደደነዘዘ ቀረ፤ ፍም ቢያስይዙት አያውቀውም። አገሩ ሲገባ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለው አማቹ፣ የእታገኝ ወንድም ነው። “እንዴት ነበር አገሩ?” ሲለው ስንሻው አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ የእታገኝን ስም እየጠራ አለቀሰ። ከቀብሩ ቀን የቀረውን ሁሉ እዚያ፣ በሻንጣዎች መሃል ቆሞ አለቀሰ።

በሉ ተነሱ፣ መሽቷል። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ሰው የሞተበት ካለ ደግሞ መሃል አስገቡት።