ድንጋያማው ገጽ

ሸዋረጋ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እንደገናም እዚያው ሦስተኛው ገጽ ላይ ግራ እጇ ተደናቀፈ። ጣቶቿን ከፒያኖው አንስታ ጭኗ ላይ ጣለቻቸው።

«ደከመሽ» አላት ኢዶሳ፣ ከኋላ ከተማሪዎቹ አግዳሚ ላይ ሆኖ።

«አንተስ? ስታዛጋ ሰምቼሃለሁ።»

«እኔማ ከማዘጋጃ ቤት የካ ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁት። ማዛጋት መብቴ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋም የደከመ ነበር። ቀኑን ሕፃናት ስታስተምር ትውላለች፤ ልጆቹ ሲበተኑ ባዶው የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ከፒያኖው ጋር ትታገላለች። ክረምቱ ሳይገባ ሦስት አዳዲስ የክላሲክ ሙዚቃዎችን አጥንታ ፈታኞች ፊት ተጫውታ ካለፈች፣ ቪየና ሄዳ ሁለት ዓመት ትማራለች። ይህ ካመለጣት ሌላ ዕድል የለም።

አምና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ዝናብ ከአንድ ጃንጥላ ሥር ካገናኛቸው ወዲህ ኢዶሳ ሽማግሌ ሊልክ ያስባል። እሷ ግን «እመለሳለሁ» የሚለውን ቃል ሰጥታው አታውቅም። በማታውቀው ነገር መማል ትፈራለች። እሱም አልጨቀጨቃትም።

«ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የምትጀምሪው?»

«አባባ ዜማ ሲያስተምሩ እንዲያ ነዋ! የተሳሳተ ተማሪ ከሥር ይጀምራል።»

«ታዲያ አስቸጋሪው ቦታ የምትደርሺው ሁልጊዜ ከደከመሽ በኋላ ነው። የእኔ አባት መሪ መንደር ሲያርስ፣ ድንጋያማው ማሳ ላይ የሚገባው ጠዋት፣ በሬዎቹ ሳይደክሙ ነው።»

«እኔን ከበሬ ጋር?»

«በሬው እንዳንቺ ግትር አልነበረም።»

እርሳስ አንስታ በየሙዚቃው የሚያደናቅፋትን ቦታ ሁሉ አከበበች። ከዚያ ወዲህ ስትመጣ በቀጥታ ወደ ተከበቡት ትገባለች፤ መጀመሪያ ግራ እጅ ብቻውን፣ በዝግታ፤ ከዚያ ቀኝ፤ ከዚያ ሁለቱም። ቀላሉን ገጽ ለድካም ሰዓት ታቆየዋለች። የትናንቱን አንዴ ብቻ ነካ አድርጋ ታልፋለች።

ሥራው ቀና። ገጾቹ እየለዘቡ በሄዱ ቁጥር ግን የኢዶሳ ዝምታ እየረዘመ ሄደ።

«እንዲህ የምታግዘኝ ቶሎ እንድሄድልህ ነው?» አለችው አንድ ቀን።

ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል መለሰላት። «እንድትቀሪ ብዬ ዝም ብልሽ፣ በየትኛው ፊቴ ኪዳነ ምሕረትን እሳለማለሁ?»

ፈተናው ሲቃረብ፣ አንድ ዐርብ፣ ሦስተኛውን ሙዚቃ ከዳር እስከ ዳር ሳትቆም ተጫወተችው። የመጨረሻው ድምፅ እስኪጠፋ ጠብቃ ዞረች።

ኢዶሳ ባርኔጣውን እንደታቀፈ እንቅልፍ ወስዶታል።

አልቀሰቀሰችውም። በአቧራ የነጣ ጫማውን፣ ወደ አንድ በኩል የዘመመ ጭንቅላቱን እያየች ተቀመጠች። እስከ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከኖታው ሌላ ምንም አይታ የማታውቅ መሰላት።

ሲነቃ ደነገጠ። «ጨረስሽው?»

«ጨረስኩት።»

«ወይኔ! ሳልሰማው!»

«ከቪየና ስመለስ እጫወትልሃለሁ።»

ኢዶሳ አያት። ሸዋረጋም የተናገረችውን ያኔ ሰማችው፤ ቃሏን ልታጥፍ ግን አልፈለገችም።

«እሑድ አባትሽ ቤት ይኖራሉ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ከቅዳሴ በኋላ ይኖራሉ» አለችው። «ሽማግሌዎችህን ግን የቤታችንን ዳገት ቀስ እያሉ ይውጡት በላቸው።»