የሮሐ ግሊሰሪን

ዙቤዳ የቅባቱን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ቅባቱ ውስጥ የሰው ፀጉር አለ። ያውም አንድ አይደለም፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ በሂና የተነከረ።

«ይሄን ነው ወንድሜን ስንቀባው የከረምነው?»

የዘጠኝ ወሩ ሙንተሲር አልጋው ላይ ተቀምጦ ጉንጩን ያካል። የአሰላ ብርድ ፊቱን ሲሰነጣጥቀው የጤና ጣቢያዋ ነርስ እናቱን «ንጹሕ ግሊሰሪን በውሃ አቅጥነሽ በስሱ ቀቢው፤ ለሱ ዕድሜ ችግር የለውም» ብላት ነበር። የዙቤዳ የልብ ጓደኛ ሮሐ ይህን ሰምታ «በእህቴ የውበት ሳሎን ውስጥ ሞልቷል» ብላ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ የሕፃኑ ጉንጭ ይላጥ፣ ይነጣ ጀመር። ጎረቤቶቹ ደግሞ «ማሻአላህ፣ እንዴት ፈካ!» ይላሉ። ልጅ እየተላጠ የሚያደንቅ ሰው ምን ዓይነት ዓይን ነው ያለው? ዙቤዳን ከፀጉሩ እኩል ያቅለሸለሻት ይሄ ነው።

ሮሐ በሩ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«ግሊሰሪን እኮ አለበት» አለች።

«ሌላስ?»

«በቃ... ደንበኞች ተቀብተው የተረፈውን ከየዕቃው ጠርጌ ነው። ትንሽ ቆዳ የሚያቀላ ክሬምም አለበት። ሴቶቹ ሲወዱት ለሕፃንም ያው መስሎኝ...»

«ኤጭ! ስንት ሰው ጣቱን የነከረበትን! አስጠላሽኝ ሮሐ፣ እውነቴን ነው።»

ሮሐ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በናትሽ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። ንጹሑን ከፋርማሲ አመጣና እንቀይረዋለን። ማን ያውቃል?»

ዙቤዳ የወንድሟን ፊት ለብ ባለ ውሃ ታጥብ ጀመር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። እናቷ አትናደድም፣ ጓደኛዋም በሰፈሩ አትዋረድም።

ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤታቸው የአዴ ቢፍቱ ሕፃን ማልቀስ ጀመረች። ዙቤዳ ቀና አለች።

«ለነሱም ሰጥተሻል?»

ሮሐ አቀረቀረች።

ዙቤዳ ሙንተሲርን አዘለችና ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልላ ያዘች።

«ወዴት ነው?»

«መጀመሪያ አዴ ቢፍቱ ጋ፣ ከዚያ እማዬ ጋ። አንቺው ብትነግሪያቸው ይሻላል። ካልሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ሮሐ ከበሩ ንቅንቅ አላለችም። ዙቤዳ በጎኗ ሾልካ ወጣችና የጎረቤቱን በር አንኳኳች።