አራት ዲግሪ ውስጥ የተኙ በሽተኞች

ሰውየውን ከመጣበት ቀን ጀምሮ አላመንኩትም። ሆስፒታላችን የሚፈጀውን ነዳጅና መብራት እንዲያጠና የተላከ ኢንጂነር ነው ተባለ፤ እኛ ነርሶቹ «ቆጥቤ» አልነው። መስኮት ጠርዝ ላይ ክር አንጠልጥሎ ንፋስ መግቢያ ይፈልጋል፣ ቧንቧ ይዳብሳል፣ ይጽፋል። ሲጽፍ ደግሞ ቀና እያለ ያየኛል።

የፈራሁት ለአባቴ ነው። ምድር ቤት ሆኖ ክፍሎቹን የሚያሞቀውን ሽማግሌ ቦይለር ሃያ ስድስት ዓመት የያዘው እሱ ነው። ቦይለሩ ተዘጋ ማለት አባቴ ቤቱ ዋለ ማለት ነው።

«አባትሽ እዚህ እንደሚሠሩ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ አንድ ጠዋት፣ መድኃኒት ሳዘጋጅ መጥቶ።

«ማን ነገረህ?»

«ሳቃችሁ አንድ ነው።»

«አንተ ፊት ስቄ አላውቅም!»

«ሌላ ሰው ፊት ስትስቂ ሰምቼ ነው» አለና አቀረቀረ።

ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም ይበልጥ ጠረጠርኩት። ልጅቷን አባብሎ አባቷን ሊያባርር ነው አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

በየክፍሉ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሙቀት መመዝገቢያ ሰቅሎ ነበር። የእኔን ክፍል መመዝገቢያ አወረድኩና የክትባት ፍሪጅ ውስጥ ከተትኳት። ክፍሉ ብርድ መሆኑን ካየ ቦይለሩ ይዘጋ የሚልበት አፍ አይኖረውም ብዬ ነው። ሳምንቱ አልቆ ሊሰበስብ ሲመጣ ቀድሜ ቦታዋ መለስኳት።

በማግስቱ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ሲስተር፣ በዚህ መሠረት በሽተኞችሽ ሳምንቱን ሙሉ አራት ዲግሪ ውስጥ ተኝተዋል።»

«ቻይ ናቸው።»

«ንቅንቅ ሳይል አራት! እንዲህ የሚረጋ ፍሪጅ ብቻ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለአለቆቼ የሚናገር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እንደገና ልለካ። ሌላ ሳምንት መቆየቴ ነው» አለ። የከፋውም አይመስልም።

ያን ሳምንት ብዙ አወራን። ወደድኩት። ግን አሁንም ከአፉ የሚወጣውን ሁሉ እያገላበጥኩ ነበር የምሰማው።

በመጨረሻው ቀን ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

«ቦይለሩ ይዘጋ ብዬ ጽፌያለሁ። የነዳጁን ግማሽ በከንቱ ነው የሚያቃጥለው።»

«አባቴስ?»

«ቧንቧዎቹን እንደሳቸው የሚያውቅ ስለሌለ ይቆዩ ብያለሁ። አለቆቹ ይስሙኝ አይስሙኝ ግን አላውቅም።»

«ልትዋሸኝ ትችል ነበር እኮ።»

«እችል ነበር። አሁን ወርጄ ለሳቸውም ልነግራቸው ነው። ከሌላ ሰው እንዲሰሙት አልፈልግም።»

ተከትዬው ወረድኩ። አባቴ ሁሉንም ሰምቶ «ደህና» ብቻ አለ። ያን ቀን ጥርጣሬዬ ሁሉ ለቀቀኝ፤ ሐዘኑ ግን አልለቀቀኝም።

በሁለተኛው ወር ቦይለሩ ተዘጋ። አለቆቹ ከሪፖርቱ ያልተቀበሉት ስለ አባቴ የሚለውን ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ቆጥቤ ቤታችን መጣ። አባቴ በሩን ይዞ ቆመ፤ ግባም ሂድም አላለውም።

«አባባ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ። ላገባት እፈልጋለሁ» አለ ቆጥቤ።

አባቴ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን አልሰበርኩም።

«ሥራዬን ልትወስድ ስትመጣም ፊት ለፊት፣ ልጄን ልትወስድ ስትመጣም ፊት ለፊት» አለ አባቴ። «ግባ።»