ሳትፈርም ወጥታለች

የፅጌ ማርያም አስከሬን የተገኘው እሑድ ማለዳ፣ ከማሠልጠኛው ግቢ በታች ካለው ደንገል መካከል ነው። ያገኛት ዓሣ አጥማጅ መረቡን እዚያው ጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሮጠ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሻምበል ሣህሉ ጣና ዳር ቆሞ ቁልቁል ያያት ነበር።

ምንም አልተሰማውም። ይህም ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. ያላያቸውን ሬሳዎች «በድንገተኛ ሕመም» እያለ እንዲፈርም ከታዘዘ ወዲህ ልቡ እንደ ደነዘዘ እግር ሆኖበታል፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም። ሥራውን ያላቋረጠው ዓይኑ ብቻ ነው። ዓይኑም አሁን ቀሚሷ ላይ አርፏል፤ ጥልፉ ደረቷን የሞላ፣ ውሃ ጠጥቶ የከበደ ነጭ የአገር ልብስ።

«ይህ የራሷ ነው?»

«አይደለም ጓድ ሻምበል» አለች አጠገቡ የቆመችው ዘይነት፣ የሟች የመኝታ ክፍል ጓደኛ። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳለች። «የማሠልጠኛው ንብረት ነው። ለቀረጻው ተውሳ ነው የለበሰችው። ቀረጻው እንዳለቀ ይመለሳል።»

«ቀረጻው መቼ አለቀ?»

«ትናንት፣ ጧት አምስት ሰዓት ላይ።»

ሣህሉ ደብተሩን አወጣና አንዲት ቃል ጻፈ፤ ቀሚስ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ1979 ዓ.ም. በማሠልጠኛው የመገናኛ ብዙኃን ትምህርት የሚከታተሉ አራት ተማሪዎች ለመመረቂያቸው የዘፈን ቪዲዮ ሠሩ። ፅጌ ማርያም ዘፋኝ፣ አዘዘ አዘጋጅ፣ ዓብደላ ካሜራ ያዥ፣ ዘይነት መዝጋቢ። ዘፈኑ ሦስት አንጓ አለው። ድምፁ ቀደም ብሎ በካሴት ተቀርጿል፤ ሐይቁ ላይ ካሴቱ ሲለቀቅ ልጅቱ በደንገል ታንኳ ላይ ቆማ አፏን ከገዛ ድምፅዋ ጋር ታገጥማለች። ከዚያ ሁሉም በቴሌቪዥን አይተው ይገመግማሉ፤ እያንዳንዱ ቅጽ ይሞላል፤ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። ሥራው ካማረ አዲስ አበባ ለውድድር ይላካል። መምህራቸው ዓምደ ሚካኤል ደግሞ በዚሁ ሥራ ለውጭ አገር ትምህርት ሊታጭ ተስፋ አድርጓል።

ቃለ ጉባኤው አሁን ሣህሉ እጅ ላይ ነው። «ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቪዲዮው ከታየ በኋላ በተደረገው ግምገማ፣ ጓዲት ፅጌ ማርያም በሦስተኛው አንጓ አፏ ከድምፁ ጋር ባለመግጠሙ ከባድ ሂስ ቀርቦባታል። ሂሱን በጸጸት ተቀብላ ግለሂስ አድርጋለች» ይላል። ከሥሩ፣ በሌላ ቀለም፣ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «ሳትፈርም ወጥታለች።»

የጣቢያው አዛዥ በዚህ ላይ አምስት ደቂቃ እንኳ አላጠፋም። «ተወቀሰች፣ አፈረች፣ ገባች። ሐኪሙም ሰምጣ ነው፣ የድብደባ ምልክት የለባትም ብሏል። ሪፖርቱ ተተይቧል፤ አንተ ፈርምና እንገላገል» አለው። ወረቀቱ ላይ «ራሷን በራሷ በማጥፋት» የሚለው ቃል ፊርማ ይጠብቃል።

ሣህሉ ሊፈርም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የእስክሪብቶውን ክዳን ነቅሎታል። ያስቆሙት በር ላይ የቆሙት ሽማግሌ ናቸው።

መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ የሟች አባት፣ ከዘጌ በጀልባ መጥተዋል። ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አላለቀሱም፤ መቋሚያቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ሻምበል፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ መጣሁ። ልጄ በገዛ እጇ ከሆነ ፍትሐት የላትም። ከእናቷ ጎን አላሳርፋትም። ሥርዓት ነው፤ ለሰው ስከለክል ኑሬ ለልጄ አላፈርሰውም። ጀልባው በአሥር ሰዓት ይመለሳል። እስከዚያ ቁርጡን ይንገሩኝ።»

«እስከ አሥር ሰዓት ይጠብቁኝ» አለ ሣህሉ፤ እስክሪብቶውን መልሶ ከደነ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሣህሉ ግን የሚያድርበት ጊዜ አልነበረውም።

መጀመሪያ አዘዘን ጠራ። አዘዘ የወጣት ማኅበሩ ጸሐፊ ነው፤ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቷል። አንዱ እንኳ ቢበዛበት ለሌላ አያውስም።

«ሂስ መድኃኒት ነው ጓድ ሻምበል። ለሷው ብለን ነው ያቀረብነው።»

«አለቀሰች?»

«በጸጸት ነው የተቀበለችው።»

«አለቀሰች ወይ ነው ያልሁህ።»

አዘዘ ወደ ቃለ ጉባኤው ቃኘት አደረገ። «እዚያ ላይ እንዳለው ነው።»

ቀጥሎ ዓብደላ ገባ። ዝምተኛ፣ ጣቶቹን የሚያፍተለትል ልጅ ነው።

«ግምገማው ላይ ምን ለብሳ ነበር?»

«ምን… አላስታውስም። እዚያ ላይ እንዳለው ነው።»

«ስለ ልብስ እዚያ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።» ሣህሉ ድምፁን አላነሣም። «ካሜራውን ለማን አስረከብህ?»

«ለመምህር፣ አምስት ሰዓት ላይ። ፈርመው ተቀበሉኝ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከሳቸው ሌላ በማንም እጅ የለም። ሦስተኛው አንጓ እንደተበላሸም ነገርኋቸው።»

«ምን አሉህ?»

«"እስቲ እናያለን" አሉኝ።»

መምህር ዓምደ ሚካኤል ዓይኑ አብጦ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የዚህም ሰው እንባ እውነተኛ ነበር፤ ሣህሉ ይህን አልተጠራጠረም። ተማሪዎቹ እንደሚሉት ከመምህራኑ ሁሉ የሱን ያህል የሚወደድ የለም።

የግምገማ ቅጾቹን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። የሦስቱ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ሦስተኛው አንጓ፤ አፍ ከድምፅ አልገጠመም። ከአሥር ሁለት።» የመምህሩ ግን «ሦስተኛው አንጓ፤ በሚገባ ገጥሟል። ከአሥር ዘጠኝ» ይላል። በአራቱም ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም አለ፤ ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት።

«እርስዎ ከልጆቹ ይለያሉ» አለ ሣህሉ።

«እነሱ እርስ በርስ ይገለባበጣሉ። እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው።» ይህን ሲል በኀዘኑ መካከል ትንሽ ኩራት ነበረው።

ሣህሉ ቪዲዮውን አስከፍቶ ሁለት ጊዜ አየው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው አንጓ የልጅቱ ጥላ ውሃው ላይ ረዝሞ ተጋድሟል። በሦስተኛው ጥላዋ እግሯ ሥር ተሰብስቧል። አፏ ከድምፁ ጋር ገጥሟል፤ አንዲት ቃል አልዘለለችም።

ከግቢው ሲወጣ ዓሣ ሻጯ ባንቺአየሁ ከሱቋ በር ላይ አንድ በርሜል ሙሉ ዓሣ ስትደፋ አገኛት። ሽታው ከሩቅ ይጣራል።

«ምን ሆነ?»

«መብራት ነዋ! ትናንት በስድስት ሰዓት እንደ ጠፋ ዛሬ ንጋት ላይ ነው የመጣ። ሠፈሩ ሁሉ፣ ማሠልጠኛውም ጭምር፣ ጨለማ ነበር። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው በሙሉ ሸተተብኝ። ሻምበል፣ ይህንንስ ማን ይመረምርልኛል?»

«የኔን መርምረሽልኛል» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም በመማሪያ ክፍላቸው ሰበሰባቸው። ሦስቱ ተማሪዎች በየወንበራቸው፣ መሪጌታ ከፊት ተቀመጡ፤ መምህሩ በመስኮቱ ሥር ቆመ። አንድ ወንበር ባዶ ነበር።

«ትናንት በዚህ ሰዓት ቪዲዮውን አይታችሁ ገምግማችኋል» አለ ሣህሉ። «መብራት ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ በምን ሠራ?»

አዘዘ እስክሪብቶዎቹን ነካካ።

«ሟችስ ከግምገማ ከወጣች፣ ጧት በአምስት ሰዓት መመለስ የነበረበትን የቀረጻ ቀሚስ ለብሳ እንዴት ተገኘች?»

ዘይነት ሻሿን ከጥርሷ ለቀቀች። «አልነበረችም» አለች። «ለምሳም አልመጣችም። ቪዲዮም አላየንም። ቃለ ጉባኤውን አዘዘ ምሳ ላይ ጽፎ ጨርሶት ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ መጀመሪያ ይጻፋል፣ ከዚያ እንሰበሰባለን፣ ከዚያ እንፈርማለን። ሦስተኛው አንጓ ጧት ሲበላሽ ሁላችንም አይተናል፤ ቅጹንም በዚያው ሞላነው። ፈረምሁ። ዛሬ ስትገኝ… ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ማን ውሸት ነው ይላል? እኔም ተገምግማ ወጣች አልሁ። ጓደኛዬን እኔው ገደልኋት።»

ሣህሉ አልተቆጣትም። የሚቆጣበት አፍ የለውም፤ የእሱም እጅ እንደዚያው ሲፈርም ኖሯል።

«እንግዲህ ያፈረችበት ግምገማ የለም» አለ። «አሁን ሦስተኛውን አንጓ እንይ።»

ፅጌ ማርያም በቴሌቪዥኑ ውስጥ ብቅ አለች። አባቷ አልተነቃነቁም።

«ጧት የተበላሸው አንጓ እነሆ ገጥሟል። ጥላዋን ተመልከቱ። በሁለቱ አንጓዎች ረጅም ነበር፤ አሁን እግሯ ሥር ነው። ቀትር ላይ በድጋሚ ተቀርጿል፤ በአሮጌው ላይ አዲሱ ተጫነበት።»

«ታንኳውም» አሉ መሪጌታ በድንገት። ሁሉም ዞረው አዩአቸው። «ውሃ ጠጥቷል። አያችሁ፣ ጠርዙ ከውሃው እኩል ነው። ደንገል ግማሽ ቀን ውሃ ላይ ከዋለ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልቆመ ሰው አይሸከምም። ልጄ የሐይቅ ልጅ ናት፤ ይህን አታጣውም። ውጪ ብሎ ያዘዛት ሰው አለ።»

«አለ» አለ ሣህሉ። «ሦስቱ ልጆች አንጓው እንደተበላሸ ነው የጻፉት፤ መታረሙን አላወቁም። ሁሉም የዋሸበት ወረቀት ውስጥ እውነት የጻፈ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ። ቅጹ ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት ታትሟል። መብራት ሳይኖር በቴሌቪዥን ሊያየው አይችልም። ያየው ሐይቁ ዳር ቆሞ፣ በገዛ ዓይኑ፣ ሲቀረጽ ነው። ካሜራውም ቁልፉም እሱ ጋ ነበሩ።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው ብለውኛል፣ መምህር።»

ቀድሞ የተናገረው አዘዘ ነው፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። «ያቺን የመጨረሻዋን መስመር እኔ አላመጣኋትም። "ፊርማዋ ባዶ ከሚሆን ሳትፈርም ወጥታለች በል" ያሉኝ መምህር ናቸው።»

መምህሩ ግንቡን ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ።

«አንዴ ብቻ እንሞክር አልኋት» አለ። «ታንኳው ከብዷል ብላኝ ነበር። ቪዲዮው ከተበላሸ አትመረቂም አልኋት። ወጣች። ሳትስት ጨረሰች። ልትመለስ ዞር ስትል ተገለበጠባት። እኔ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ነበር፣ ካሜራው ትከሻዬ ላይ ነው። በፊርማዬ የወጣ የመንግሥት ንብረት ነው። እጇን ዘረጋችልኝ… መቅዘፊያው አጠገቤ ነበር፤ ብዘረጋላት ይደርሳት ነበር። እኔ ግን ካሜራውን ከፍ አደረግሁ። ደረቅ መሬት ላይ አስቀምጬ ስመለስ ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር።»

«ሰው አልጠሩም።»

«አልጠራሁም።»

«ዘጠኝ ከአሥር የጻፉትስ?»

«ቪዲዮው እንዲላክ። እነዚያን ቅጾች እኮ ማንም አንብቧቸው አያውቅም።»

ዓብደላ ጣቶቹን ማፍተልተል አቆመ። አንድ ፖሊስ ገብቶ መምህሩን በክንዱ ይዞ አስነሣው።

መሪጌታ ሰውየውን አላዩትም። ቴሌቪዥኑን ነበር የሚያዩት። «ያችን ይድገሙልኝ» አሉ።

ዓብደላ ካሴቱን መለሰው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑና መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ በቀስታ እየመቱ አዳመጡ፤ ከፊታቸው ቀለም የሚያስመዝን፣ የተማረውን ዜማ አሰምቶ የሚታረም ተማሪ እንደተቀመጠ ሁሉ። ከዚያ ገለጡና አፏን አዩ። እስከ መጨረሻው አዩ።

«አልሳተችም» አሉ።

በዚያ ሳምንት ያንን ሥራ አይቶ የገመገመ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሣህሉ የተተየበውን ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ራሷን በራሷ በማጥፋት» የሚለውን ሰረዘና ከላዩ «ታዝዛ በወጣችበት ሰጥማ፤ ሊያድናት የሚችል ሰው ቆሞ እያየ» ብሎ በእጁ ጻፈ። አዛዡ ምን እንደሚለው ያውቃል። ቢሆንም ፈረመ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ያየውን ነገር ፈረመ። ቀና ሲል ባዶዋን ወንበር አየ፤ ያን ጊዜ የደነዘዘ እግር ሲነቃ እንደሚያመው ዓይነት ሕመም ደረቱ ውስጥ ገባበት። ከባድ ነበር፤ ወንበሩን ያዘ።

«ይሂዱ መሪጌታ» አለ። «ከእናቷ ጎን ያሳርፏት።»

ጀልባው በአሥር ሰዓት ተነሣ።