አገባት ነበር

ሞተሩ አልነሳም ካለ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እናንጋ ጀልባዋን በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በሊምቤ ጥቁሩ አሸዋ ላይ አስጎትታ አቁማ፣ ዓሣ አጥማጆቿ ሥራ ፈትተው ካርታ ሲጫወቱ እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። ጀልባዋን ከሟች እናቷ ወርሳ፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ አምስት ወንድ የምታዝ ሴት ናት። ማባበል አትችልበትም፤ ሲያባብሏትም አትወድም።

መካኒኩ ካምዴም ከምዕራቡ ደጋ፣ ከባንጁን፣ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ ነው። አገሩ ፈረንሳይኛ ነው የሚነገረው፤ ሊምቤ ግን እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛውን ከመጽሐፍ ስለተማረው እያንዳንዱን ቃል መዝኖ ነው የሚያወጣው።

«ይህን ክዳን እከፍተው ነበር» አላት።

«ማን ከለከለህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ክፈተዋ።»

ከፈተው። ጥቂት ቆይቶ ላቡን በክንዱ ጠረገና፣ «ውሃ እጠጣ ነበር» አለ።

«መቼ? ልጅ ሳለህ?»

ዓሣ አጥማጆቹ ካርታቸውን ጥለው ሳቁ። ካምዴም ቀና ብሎ አያት እንጂ አልተቆጣም። «እኛ ቤት ‹እፈልጋለሁ› የሚለው ያልተቀጣ ልጅ ነው» አለ። «ሰው ፊት ቃልን ማለስለስ ነው የተማርኩት።»

እንግሊዝኛው «ዉድ» የሚላት ቃል አለች። እኛ ዓረፍተ ነገራችንን የምንጨርስባትን «ነበር» ያህል ብዙ ሥራ አላት፤ ላለፈ ልማድም፣ ላልሆነ ነገርም፣ ለጨዋነትም ትሆናለች። ካምዴም የያዘው ጨዋነቷን ብቻ ነበር። ለሁሉም ነገር እሷኑ ነው የሚያወጣው።

ከቀትር በኋላ ሞተሩ ተነሳ። እናንጋ ውሃውን ራሷ ቀድታ ሰጠችው። ጠጥቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን አልመለሰላትም፤ እሷም እጇን አልሰበሰበችም።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ በየሳምንቱ የሆነ ነገር ይገኝበት ጀመር። ዓሣ አጥማጆቹ ገብቷቸዋል። «እመቤት፣ ዛሬ የቱ ብሎን ነው የላላው?» ይሏታል። ማታ ሲሆን ከዓሣ ጠባሾቹ ዘንድ ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ በሚዮንዶ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በተቀቀለ የካሳቫ ሊጥ፣ ይበላሉ። ስለ ባሕር ትነግረዋለች፤ ስለ ደጋው ጭጋግ ይነግራታል። እሷ ቋንቋውን ልታርመው፣ እሱ ፈረንሳይኛ ሊያስተምራት ተስማሙ። አምስት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ እሑድ ካምዴም ሸሚዙን አስተኩሶ ወደ አባቷ ቤት መጣ።

አባቷ መምህር ሞሉዋ ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የከተማው ሰው «ሞሉዋ ፊት ከምትሳሳት ሞሉዋ ቤት ብትሰርቅ ይሻልሃል» ይላል። ለቃል እንዲህ መጠንቀቃቸው የመምህርነት ብቻ አይደለም። ትልቋን ልጃቸውን ናሞንዶን አንድ የዋና ከተማው የያውንዴ ሰው እመጣለሁ ብሏት አራት ዓመት ጠብቃዋለች። ሰውየው በሁለተኛው ዓመት ሌላ አግብቶ ነበር። ናሞንዶ አሁን ሠላሳ አምስት ሆኗት ከአባቷ ጋር ትኖራለች፤ ስለዚያ ሰው የሚያነሳ የለም።

ካምዴም ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ። «መምህር፣ በጤና ስላገኘሁዎ ደስ ብሎኛል። የመጣሁት ስለ እናንጋ ነው። አገባት ነበር።»

መምህር ሞሉዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ነበር?»

«አዎን፣ መምህር።»

«ይህቺን ቃል ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያታለሁ። ባለቤቴ በየማታው አንተ የተቀመጥክበት ላይ ሆና መረብ ትጠግን ነበር። ይሄ ልማድ ነው፤ ሴትዮዋ ግን የለችም።» መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ። «ዝናብ ባይኖር እወጣ ነበር ስልህ ደግሞ፣ ቤት ውያለሁ ማለቴ ነው። አንተ የቱን ነው የምትለኝ?»

«በትሕትና ነው፣ መምህር።»

«ለትሕትናም ትሆናለች፤ ውሃ ስትለምን። ልጄን ስትለምነኝ ግን ከኋላዋ አንድ ‹ቢሆን› ተደብቆ ይሸተኛል። ሂድና ፈልገው። የለም ካልክ ደጄ ክፍት ነው።»

ካምዴም እጅ ነስቶ ወጣ። ደረጃው ላይ እናንጋን አያት፤ ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«ሰው በሰዋስው ይባረራል?» አለች እናንጋ፣ አባቷ ፊት ቆማ። «አባዬ፣ ጨዋነት እኮ ነው። በአገሩ እንዲህ ነው የሚናገሩት።»

«ሊሆን ይችላል። ጠይቂው።»

«ምን ብዬ?»

«ቃሉን አስጨርሺው።»

በማግስቱ ጠዋት ካምዴምን የሰው ሞተር ፈታትቶ አሸዋው ላይ ዘርግቶ አገኘችው። ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ታገባኝ ነበር። ምን ቢሆን?»

መፍቻውን ያዘ፤ አስቀመጠው፤ መልሶ ያዘው። እሷ ቁጣውን ነበር የጠበቀችው።

«አጎቴ ኩዋቴ ቢፈቅድ» አለ በመጨረሻ። «አባቴ ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ሙያም ያስተማረኝ እሱ ነው። የጎረቤታችንን ልጅ አስቦልኛል። ከአባቷም ጋር ተነጋግረዋል።»

«ስለ እኔ ምን አልከው?»

«ምንም።»

«በአምስት ወር?»

«እነግረው ነበር። በየጊዜው ስልኩን አነሳና...»

«ይቺን ቃል ሁለተኛ እንዳልሰማት» አለች እናንጋ። አልጮኸችም። «አባቴ ከአፍህ የሰማውን እኔ ከልብህ አልሰማሁትም። ከእሱ ጋር ስከራከርልህ አደርኩ፣ ካምዴም።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታውን በኋላ እናየዋለን። ትወደኛለህ?»

«እወድሻለሁ።» ይህቺን ሳይመዝናት ነበር ያወጣት።

«እንግዲያው ቅዳሜ ወደ ባንጁን አውቶቡስ አለ። አጎትህ እምቢ ካለም በጆሮዬ ልስማ። ተቀምጬ አልጠብቅም።»

አባቷ ይከለክሉኛል ብላ ነበር። መምህር ሞሉዋ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጧትና፣ «ናሞንዶም ያኔ ያውንዴ ልሂድ ብላኝ ነበር» አሉ። «ሴት ልጅ ወንድ ፍለጋ አትሄድም ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።» ጥግ ላይ ልብስ የምታጣጥፈው ናሞንዶ እጇ ቆመ። አባቷ ይህን ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። «ሂጂ። እህትሽም ትከተልሽ፣ ፈቃዷ ከሆነ።»

«ፈቃዴ ነው» አለች ናሞንዶ፤ ወዲያው ሻንጣ ፍለጋ ወጣች።

ባንጁን ሲደርሱ ቀዩ አፈር በዝናብ ርሶ ነበር። አጎቱ ኩዋቴ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ግን የሚያደምጣቸው ሽማግሌ ናቸው። የቤቱ ሴቶች የተወቀጠ ጎደሬ በቢጫ መረቅ አቀረቡ። እናንጋ እንደነሱ በጣቷ እያጠቀሰች በላች፤ ልብሷ ላይ አንጠባጠበች፤ ሴቶቹ ሳቁባት፤ እሷም ሳቀች። ከምግብ በኋላ ለእንግዳ የሚቀርበው የኮላ ፍሬ ተቆርሶ ሽማግሌው ካምዴምን «ምን እግር ጣለህ?» አሉት።

ካምዴም ጀመረ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ውለታቸው፣ ስለ ሊምቤ ሥራው ተናገረ። ፈቃድዎ ቢሆን፣ ቅር ባይልዎ፣ አንድ ነገር እጠይቅዎ ነበር፣ አለና እንደገና ወደ ውለታቸው ተመለሰ። እናንጋ ፈረንሳይኛዋ ጥቂት ቢሆንም ነገሩ ክብ እየዞረ መሆኑ ገባት። ናሞንዶን አየቻት። ናሞንዶ በክርኗ ነካ አደረገቻት።

እናንጋ ተነሳች። የምታውቀው ፈረንሳይኛ ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚሆን አልነበረም፤ ግን ሌላ የላትም።

«እኔ ይህን ሰው እፈልጋለሁ» አለች። «አገባዋለሁ። እርስዎን ደግሞ ማክበር እፈልጋለሁ። ለዚህ መጣሁ።»

ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የኮላው ሳህን ተይዞ ቀረ።

«ቋንቋችንን ማን አስተማረሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«እሱ።»

«‹እፈልጋለሁ› ማለትንም?»

«እሱ አይልም። ራሴ ነኝ ያገኘኋት።»

ኩዋቴ ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ከዚያ ወደ ካምዴም ዞሩ። «ሃያ ዓመት አሳደግሁህ። አንድ ቀን ምን እንደምትፈልግ ነግረኸኝ አታውቅም፤ ምንም የማትፈልግ መስሎኝ ነው የመረጥኩልህ። አሁን ቁምና እንደሷ ተናገር።»

ካምዴም ቆመ። «እሷን እፈልጋለሁ፣ አጎቴ። ሌላ አላገባም።»

«የጎረቤቴን ፊት ማን ያየዋል?»

«እኔ።»

«አንተ። የካሳውን ፍየል ራስህ ጎትተህ፣ ዛሬውኑ። ቁጭ በል ካላሉህ ቆመህ ትናገራለህ።»

ሄደ። ቁጭ በል አላሉትም። የልጅቷ አባት ዝናቡ ውስጥ በር ላይ አቁሞት አዳመጠና፣ ፍየሉን ተቀብሎ በሩን ዘጋ። ካምዴም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ሲመለስ እናንጋ በውሃ የተሞላ ባልዲ ይዛ ደጅ ቆማ ጠበቀችው። እግሩን ሲታጠብ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ይቅርታውን አሁን እንየው?» አላት።

«አይቼዋለሁ» አለችው።

በሚቀጥለው ወር ኩዋቴ ከስድስት ሽማግሌዎች ጋር ሚኒባስ ተሳፍረው ሊምቤ ወረዱ። ኩዋቴ ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ስለነበር፣ ጫማቸውን አውልቀው ጥቂት ቆሙና «ይሄ ሁሉ ውሃ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ዓሣ አጥማጆቹ በአንድ ድምፅ «የእናንጋ» አሏቸው።

መምህር ሞሉዋ ቤት ወንበር ሞልቶ ቀሪው ሰው በረንዳው ላይ ቆመ። ኩዋቴ በፈረንሳይኛ፣ እንደ አገራቸው ወግ፣ ረጅም ንግግር አደረጉ። መምህሩ አንዲት ቃል ሳያርሙ አዳመጡ። ናሞንዶ እንግዶቹ ያመጡትን ራፊያ የሚባል የዘንባባ ጠጅ ቀድታ ለአባቷ ሰጠች። ብርጭቆውን ያዙት፤ አልቀመሱትም። እንደ ወጉ ልጃቸውን ወደ መሃል ጠሩ።

«እናንጋ፣ ይህን ጠጅ ከጠጣሁ ሄድሽ ማለት ነው። ልጠጣው?»

እናንጋ በር ላይ የቆመውን ካምዴምን አየች፤ ከዚያ ብርጭቆውን የያዘውን የአባቷን እጅ። ሄዳ እጃቸውን ከታች ደገፈችላቸው።

«ጠጣው፣ አባዬ።»

መምህር ሞሉዋ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ጠጡት።