ቧንቧው የታጠፈበት ቦታ

ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር ስንት ዘመን ውሃ በጀሪካን ሲያመላልስ ኖሮ፣ በመጨረሻ የቧንቧ ቦይ መቆፈር የተጀመረ ሰሞን ነው። ዶማው መሬት ሲነካ ያልተደሰተ ሰው አልነበረም፤ ከአንዲት ወጣት በቀር። እሷም ብትሆን ውሃ ጠልታ አልነበረም።

ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከሰዓት በኋላ ሥራ ካቆመው የባቡር ጣቢያ ፎቅ ላይ ወዳለው የከተማው የታሪክ ማኅበር ትሄዳለች። እዚያ «ልጅት» ነው የሚሏት፤ ከእሷ በቀር ጡረታ ያልወጣ አባል አልነበረምና። ሊቀመንበሩ የድሮው የጣቢያ አለቃ ናቸው፤ ከተማው «ጋሽ ባቡር» ይላቸዋል። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ስንት ጊዜው፤ እሳቸው ግን የመኪና ጥሩንባ በሰሙ ቁጥር ዛሬም ብድግ ብለው በመስኮት ያያሉ።

ማኅበሩ ውስጥ የገባችው በአጋጣሚ ነው። ለጋሽ ባቡር የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ልታደርስ ብትሄድ፣ «ልጄ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ የዚህን ፎቶግራፍ ጫፍ ያዢልኝ» አሏት። ያዘችላቸው። ያቺ አፍታ ሳታልቅ ዓመት አለፈ።

ማኅበሩ ሞልቶ የተረፈው ችግር ብቻ ነበር። ጣሪያው ያፈስሳል። ዝናብ በመጣ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ባልዲ ይዘው ከሳጥን ሳጥን ይሯሯጣሉ፤ ፎቶግራፎቹን ለማዳን። መደርደሪያ ስለሌለ የከተማው ታሪክ ወለል ላይ ተከምሯል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሚያውቁት ሰዎች አንድ በአንድ ማለፋቸው ነው። «እኛ ራሳችን ቅርስ ነን፤ የሚመዘግበን ጠፋ እንጂ» ይላሉ ጋሽ ባቡር። ስለዚህ ልጅት ቴፕ ተሸክማ ከቤት ቤት እየዞረች የአዛውንቶችን ድምፅ ትቀርጻለች።

ከአሮጊቶቹ አፍ ደጋግማ የምትሰማው ስለ ድንጋይ ገንዳዎቹ ነው። ድሮ የከተማው ልብስ ሁሉ የሚታጠበው እነሱ ላይ ነበር አሉ። መንገድ ሲሠራ አፈር ተደፋባቸውና ተቀብረው ቀሩ። የት እንደነበሩ ግን ሁለት ሰው አይስማማም። አንዷ «ከድልድዩ በላይ» ስትል ሌላዋ «ምን ነካት! ከድልድዩ በታች እንጂ!» ትላለች። ቦዩ ሲጀመር ልጅት ያልተደሰተችውም ዶማው ሳያውቅ እንዳይሰብራቸው ፈርታ ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን ከመድኃኒት ቤቱ ወጥታ በቦዩ አጠገብ ስታልፍ፣ ሠራተኞቹ የተጠረበ ድንጋይ በብረት ሲፈነቅሉ አየች። መሃሉ የጎደጎደ፣ አንድ ጠርዙ በእጅ ብዛት የለሰለሰ ድንጋይ። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ዘላ ቦዩ ውስጥ ገባች።

«አቁሙ! በፈጠራችሁ አቁሙ!»

መሐንዲሱ ከወዲያ ማዶ መጣ። ከሌላ ከተማ ለዚህ ሥራ የተላከ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ረጅም ወጣት ነው።

«እህት፣ እዚህ ውስጥ ምን ጠፋብዎት?»

«የጠፋውማ ተገኘ! ይኼ ድንጋይ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አሳምሬ። መንገዴ ላይ የተጋደመ ድንጋይ ነው።»

«የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ነው። ከርስዎም ከኔም በፊት የነበረ።»

«እንግዲያው ትልቅ ሰው ነው፤ ትንሽ ጠጋ ቢል አይቀየምም።»

«እናትዎን ከቤታቸው አንሥተው ጠጋ በሉ ይሏቸዋል?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። መሐንዲሱ ግን አልሳቀም። ጭቃ የዋጠውን ጫማዋን አየ፣ ጭቃ የነካውን ጉንጯን አየ። ከዚያ ዓይኑን ሰበረ።

«እስከ ሰኞ ሌላ ሌላውን እንቆፍራለን» አለ ቀስ ብሎ። «እስከዚያ ያሉትን በማስረጃ ያሳዩኝ።»

በማግስቱ ራሱ ወደ ማኅበሩ መጣ። ጋሽ ባቡር የድሮ ቆባቸውን አድርገው ተቀበሉት። ልጅት አንድ ያረጀ ፎቶግራፍ አወጣች፤ ሴቶች በተርታ ተንበርክከው፣ ከፊታቸው ገንዳዎቹ፣ ከኋላቸው የልብስ ክምር። እሱ ግን ቀና ብሎ ያየው ጣሪያውን ነበር።

«ይኼ ሁሉ ነገር ከአፈር ተርፎ በውሃ ሊያልቅ ነው እንዴ?»

«ልማዳችን ነው» አለች። «ዝናብ ሲመጣ እንጸልያለን፣ ባልዲ እንይዛለን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲወጣ ወደ ጣቢያው ጎራ ይል ጀመር። አንድ ቀን ቆርቆሮ ይዞ መጥቶ ጣሪያውን ደፈነ። ሌላ ቀን የተረፈ እንጨት አምጥቶ መደርደሪያ ሠራ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል። ጋሽ ባቡር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩትና «መሐንዲስ፣ ይኼን ያህል ታሪክ የሚወድ ሰው እኔ በዕድሜዬ አላየሁም» ይሉታል። እሱ እስከ ጆሮው ይቀላል፤ ልጅት ሳጥን ውስጥ የምትፈልገው ነገር ያጋጥማታል።

ጎን ለጎን ተቀምጠው ፎቶግራፍ ሲያጸዱ ብዙ አያወሩም። እሷ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ታራግፋለች፣ እሱ በስስ ወረቀት ይጠቀልላል። አንዳንዴ እጃቸው አንድ ፎቶ ላይ ይገናኛል፤ ማንም ቀድሞ አያነሣም። አንድ ምሽት ላይ እየሣቀች «ተው እንጂ፣ ገለበጥከው!» አለችው። አንቱታው ከአፏ መውደቁን ሁለቱም እኩል ሰሙት። «እንደገና በይኝ» አላት።

ሰፈሩ ግን ፍቅር አይጠጣም። ሌላ ሌላው ቦይ አልቆ ቁፋሮው ገንዳዎቹ ዘንድ ሲቆም፣ ማጉረምረም ተጀመረ። ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው በመድኃኒት ቤቱ ደጅ ሲያልፉ ሰላምታ ነፈጓት። እቤት ስትገባ ደግሞ እናቷ ጠበቀቻት። እናቷ ብቻዋን ያሳደገቻት፣ ስለ ድሮ ከተጠየቀች «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ብላ ነገር የምትዘጋ ሴት ናት።

«ለሞተ ድንጋይ ብለሽ ሕያው ሰው ይጠማ?»

«እማዬ፣ ጥቂት ቀን ነው እኮ። መሐንዲሱ ቧንቧውን የሚያዞርበት መንገድ እየፈለገ ነው።»

«ያ ሰውዬ ነው የሚያዞረው? አንቺን እንዳዞረሽ? ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል ሰው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፣ ልጄ።»

«ገንዳዎቹ ግን የከተማው ናቸው…»

«የከተማው?» እናቷ የያዘችውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «የከተማው ልብስ እንጂ ገንዳውስ የኔ ነበር! ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው እድፍ ያጠብኩበት፣ ጉልበቴን የጨረስኩበት። አንቺ ስትወለጂ ማንም ‹የአጣቢዋ ልጅ› እንዳይልሽ ብዬ ሰፈር ቀየርኩ፣ ሰው ቀየርኩ። አፈር ሲደፋበት ቆሜ አይቼ ተመስገን ብያለሁ። አሁን አንቺ በገዛ እጅሽ ታወጪዋለሽ!»

ልጅት ጨርቁን አንሥታ አጠፈችው። የስንቱን እናት ድምፅ ስትቀርጽ፣ የራሷን እናት አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። ያን ሌሊት እንቅልፍ ሳያሸልባት አነጋች።

ጠዋት ቦዩ ጋ ሄደችና መሐንዲሱን «ቆፍረው» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ቆፍረው። እናቴ እዚያ ላይ ታጥብ ነበር። እንዲታይ አትፈልግም። ከማንም ታሪክ እሷ ትበልጥብኛለች።»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሠራተኞቹን አሰናብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ብቻውን ወደ እናቷ ቤት ሄደ። በሩ ላይ ቆቡን አውልቆ ቆመ።

«እማማ፣ ልጠይቅዎት መጣሁ። ይቆፈር ካሉኝ እቆፍራለሁ። ይዙር ካሉኝ አዞራለሁ። ለዚያ ቦታ ከርስዎ የቀረበ ሰው ስለሌለ ነው።»

«እኔ አጣቢ ነበርኩ፤ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?»

«ይኸው እኔ ጠየቅኩ። ደግሞ… የትኛው ነበር የእርስዎ?»

እናቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ነጠላዋን አነሣች።

ልጅት ከጋሽ ባቡር ጋር ቦዩ ጋ ስትደርስ፣ እናቷ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ነበር፤ መሐንዲሱ ክንዷን ይዟል። ከዳር እየቆጠረች ሄዳ አንዱ ገንዳ ጋ ቆመች። ጎንበስ ብላ ጭቃውን በመዳፏ ጠረገች፤ የለሰለሰውን ጠርዝ ስታገኝ እጇ እዚያው ቀረ።

«ከቀኝ ጎኔ ቀጭኗ ነበረች፤ ትዘፍን ነበር» አለች። «ከግራዬ አንዷ፣ ስትስቅ ሳሙና የምትጥል። ሁሉም አልፈዋል።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «አዙረው ልጄ» አለችው። «ውሃውም ይምጣ፣ ገንዳውም ይቀመጥ።»

አዞረው። ፈቃድ ጠይቆ መልስ ሳይመጣለት፣ በራሱ ኃላፊነት ማጠፊያ አስገብቶ ቧንቧውን በገንዳዎቹ ዙሪያ አሳለፈው። ሰፈሩ ውሃ አገኘ፤ ጀሪካን ተሸክመው ሰላምታ የነፈጓት ሴቶች ራሳቸው መጥተው ገንዳዎቹን አጠቡ። እናቷም በስንት ዘመኗ ከቴፕ ፊት ተቀመጠች፤ አንዴ ከጀመረች የሚያቆማት አልተገኘም።

ዋና መሥሪያ ቤቱ ግን አልወደደለትም። «ያለ ፈቃድ» ተብሎ፣ አውቶብስ ለመድረስ ሁለት ቀን ወደሚፈጅበት ሩቅ ቦታ ተዛወረ።

ሊሄድ ሲል ጣቢያው መድረክ ላይ፣ ባቡር በማይመጣበት ሐዲድ ፊት ተቀመጡ።

«አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አላት።

እሷ ሐዲዱን አየች። እናቷ ገና መናገር መጀመሯ ነው። ጋሽ ባቡር ደግሞ ከሰሞኑ ደረጃውን በሁለት ዕረፍት ነው የሚወጡት። ያልተቀረጹ ሰዎች አሉ፤ ዛሬ ካልተጠየቁ ነገ የማይገኙ። ልቧ «አዎ» አለ፣ አፏ ግን ዝም አለ። እሱ ዝምታውን እንደ መልስ ወሰደው። ጨዋ ሰው ነበር፤ ደግሞ አልጠየቀም። ግንባሯን ስሞ ሄደ። እሷ ደግሞ እንዲጠይቃት እየጠበቀች እስከ መጨረሻው ዝም አለች።

መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ከዚያ በየወሩ። ከዚያ ለአዲስ ዓመት። ከዚያም ሰው ኑሮ ይይዘዋል። እሱ እዚያው አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። እሷም የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት አገባች፤ ክፉ ትዳር አልነበረም። ባሏ ደግ ሰው ነበር፣ በሕመም ሞተባት፣ ከልቧ አለቀሰችለት። ቢሆንም ዝናብ ጥሎ ጣሪያው ጠብ ሳይል ሲቀር፣ ሳታስበው ቀና ብላ ታይ ነበር።

ጋሽ ባቡር ካለፉ በኋላ ሊቀመንበርነቱ ለሷ ደረሰ። ውሃው ከገባ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኖት፣ የማኅበሩ ወጣቶች (አሁን ወጣቶች አሉት) ውሃ ወደ ከተማው እንዴት እንደገባ የሚያውቁ ሰዎችን እየፈለጉ ሲጋብዙ፣ ጡረታ የወጣ አንድ መሐንዲስ አገኙ። ማንነቱን ሳያውቁ ቀጠሮ ያዙለት።

በሩን ከፍቶ ሲገባ አወቀችው። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ቁመቱ ትንሽ ጎብጧል። አረማመዱ ግን ያው ነው።

«መጣህ?» አለችው።

«ጠርተውኝ» አለ። «አንቺ የጠራሽኝ መስሎኝ ነበር።»

ወጣቶቹን ሻይ ጠጡ ብላ ሰደደቻቸውና መቅረጫውን ራሷ ከፈተች። ከወረቀቱ ላይ እያነበበች ጠየቀችው። ስለ ቦዩ ጥልቀት፣ ስለ ሠራተኞቹ፣ ስለዚያ ማጠፊያ መለሰላት። ሚስቱ ከሞተች ቆየች፤ ልጁ ተድራለች። ይኼንንም ሳትጠይቀው ነገራት።

ማኅበሩ ሰውን ሁሉ የሚጠይቀው የመጨረሻ ጥያቄ አለ፤ እሱን ግን ወረቀቱን አስቀምጣ በቃሏ ጠየቀችው።

«በሥራ ዘመንህ የሚቆጭህ ነገር አለ?»

መሐንዲሱ በመስኮቱ ወደ ሐዲዱ አየ።

«አለ። አንድ ጊዜ ጠይቄ፣ ሁለተኛ ሳልጠይቅ መሄዴ።»

ከታች የወጣቶቹ ሳቅ ይሰማል። እሷ እጇን ዘርግታ መቅረጫውን አጠፋችው።

«አሁን ጠይቀኝ» አለችው።

ከዚያ በኋላ የተባለው ስላልተቀረጸ ከማኅበሩ መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ግን ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ በጣም ቀስ እያሉ፣ በሰፈሩ መሃል ወደ አሮጊቷ እናቷ ቤት ሲወጡ ሰፈሩ በሙሉ አይቷቸዋል።