የታጠበ ቆሻሻ

ሰውየው ከሁለተኛው ፎቅ በሚወርደው ደረጃ ግርጌ አንገቱ ተቆልምሞ ሲገኝ ከሕንጻው ነዋሪ ያለቀሰለት አልነበረም። ከበላዩ፣ ደረጃው ላይ፣ የሙዝ ልጣጭና አንድ የወተት ካርቶን ወድቋል። ነዋሪው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ዕድሜውን ሙሉ ቆሻሻ ጣዮችን ሲያሳድድ የኖረ ሰው በመጨረሻ ቆሻሻ አንሸራትቶ ገደለው።

ለመርማሪዋ ግን እንዲህ ያለ ፍርድ ቶሎ አይዋጥላትም። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም።

ሟቹን ሰፈሩ «ባለ አንድ» ይለዋል። በስልኩ ዕቃ ባዘዘ ቁጥር፣ ከአምስት ኮከብ የሚሰጠው ምንጊዜም አንድ ነው። ዕቃ አድራሹ ፈገግ ካላለ አንድ፤ ፈገግ ካለም «ምን ያስገለፍጠዋል» ብሎ አንድ። ደረጃ ላይ የተጣለ ነገር ካየ ደግሞ ፎቶ አንስቶ ለነዋሪው ሁሉ ሳይበትን አያልፍም።

መርማሪዋ ከላይኛው ፎቅ ጡረተኛ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ደረጃው ላይ ቆሻሻ የሚጥሉት እርስዎ ነዎት ይባላል።»

«አልዋሽሽም፣ እጥላለሁ። እሱን ለማናደድ! ዛሬ ግን ከቤቴም አልወጣሁም።»

«የሰሙት ነገር አለ?»

«የአድራሹ ሞተር ተነስቶ ሄደ። ወዲያው ዱብ የሚል ሰማሁ። ቆሻሻ የተወረወረ መስሎኝ ደስ አለኝ።»

«ደስ አለዎት?»

«ሌላም ሰው ጀመረ ብዬ ነዋ!»

ሞተረኛው ተጠርቶ ሲመጣ የራስ ቁሩን በሁለት እጁ አቅፎ ቆመ። ላብ አጥምቆታል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ኧረ እኔ ምን አፍ አለኝ፣ እትዬ? ሳሙናቸውን ሰጠኋቸው፤ ከረጢቱ ተጨማደደ አሉ። ደረጃው አፍ ድረስ ወጥተው ጣታቸውን ቀስረው “አንድ!” እያሉ ሸኙኝ። ዛሬ አምስት ኮከብ ካላገኘሁ ድርጅቱ ሥራዬን እንደሚዘጋብኝ አስጠንቅቆኛል። ሚስቴ ደግሞ ልትወልድ ደርሳለች። ይህንኑ ነግሬ ለመንኳቸው፤ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።»

«ሌላ ደንበኛ አይሰጥህም?»

«ሰው ሲናደድ እንጂ ሲደሰት መች ኮከቡን ይነካል?»

«ከዚያስ?»

«ሄድኩ። ገበያው ጋ ስደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ከሳቸው አምስት ኮከብ!» ፊቱ በራ። ሬሳው ትዝ ሲለው ጎንበስ አለ። «ነፍሳቸውን ይማር፣ ለካ አንጀት ነበራቸው።»

መርማሪዋ የሟቹን ሚስት ወጥ ቤት አገኘቻት። እጆቿ በውኃ ብዛት ቀልተዋል። መታጠቢያው ዳር የተለቀለቁ ጠርሙሶች ተደፍተዋል፤ የወተት ካርቶኖች ታጥበውና ታጥፈው ተደርድረዋል።

«ቆሻሻ ያጥባሉ እንዴ፣ እትዬ?»

«እሱ ነዋ፣ ልጄ። ሳላጥብ ከጣልኩ ጣቱን ቀስሮ አንድ ያሳየኛል። ለወጤም አንድ፣ ለአነጣጠፌም አንድ። እናቴ ሞታ ሳለቅስም አንድ ነው የሰጠኝ።»

 የመርማሪዋ ዓይን ከካርቶኖቹ አልተነሳም።

«ስልኩን ይከፍቱታል?»

«በሱ አውራ ጣት ካልሆነ አይከፈትም።»

ሦስቱንም ደረጃው አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ይህን ሰው ልጣጭ አላንሸራተተውም» አለች። «ቆሻሻ ካየ ቆሞ ፎቶ ያነሳል እንጂ አይረግጥም። ስልኩ ውስጥ ደግሞ የዛሬ ፎቶ የለም። ልጣጩ የተጣለው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው።»

«እኔን እንዳትይኝ!» አለ ጡረተኛው።

«እርስዎማ በሟቹ ፎቶዎች ላይ እንዳየሁት ወተቱን ከነትራፊው ነው የሚጥሉት። እስቲ ይሄን ደረጃው ላይ የተገኘ ካርቶን ያሽትቱት።»

አሸተተ። «ሳሙና ሳሙና ይላል።»

«ታጥቧል፤ ታጥፏልም። ከዚህ ሕንጻ የታጠበ ቆሻሻ የሚወጣው ከአንድ ቤት ብቻ ነው። ሌላ ሰው የጣለው ለማስመሰል እንኳ በዚያ ቤት የቆሸሸ ካርቶን አልተገኘም።»

ሚስቲቱ የቀሉ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«ቀጥሎ ኮከቡ። ሞተሩ እንደሄደ ሰውየው ወደቀ። ሬሳውን ያየው ሐኪም እንዳለው እዚያው ነው ያለቀው። አምስቱ ኮከብ ግን የደረሰው ሞተረኛው ገበያው ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ሬሳ ኮከብ አይሰጥም። የሬሳ አውራ ጣት ግን ስልክ ይከፍታል። አይደለም፣ እትዬ?»

ሴትየዋ አልካደችም።

«አንዷን ኮከብ ሊጫናት ነበር። “ተው፣ ሚስቱ ልትወልድ ነው” አልኩት። ሳቀብኝ። ሳቀና ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። ያቺን ጣት ላለማየት ገፋሁት፤ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ወርጄ ሳየው አልቋል። እጁ ገና ይሞቅ ነበር… በዕድሜው አንዴ እንኳ በጎ ይሥራበት ብዬ ነው።»

ሞተረኛው ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«የኔስ ይሁን፣ ልጄ» አለች ሚስቲቱ። «ኮከቡ ግን ይቆይለታል አይደል?»

መርማሪዋ እዚህ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። ያወቀችውን ነገር ግማሹን መተው ግን አልፈጠረባትም።

«የሟች ጣት የሰጠው ነው። ለድርጅቱ መንገር አለብኝ። ይሰረዛል።»

ሴትየዋ እስከዚያ ድረስ እንባ አልወጣትም ነበር። አሁን ጮኻ አለቀሰች፤ በፖሊስ ተይዛ ስትወርድም ድምፅዋ እስከ በሩ ተሰማ። ጡረተኛው እያጉረመረመ ወደ ቤቱ ገባ። መርማሪዋ እዚያው ቆማ ለድርጅቱ ደወለች።

ሞተረኛው ከተቀመጠበት ሳይነሳ ስልኩ ጮኸ። ድርጅቱ ሥራው መዘጋቱን አስታውቆታል። ከሥሩ አምስት ባዶ ኮከቦች ተደርድረዋል፤ «ከእኛ ጋር የነበረዎትን ቆይታ እንዴት አገኙት?» ይላል።

መርማሪዋ ከትከሻው በላይ አየችው። ምናልባት ይመልሱኝ እንደሆን ብሎ አምስቱንም ሞላ።